ክሊንም ሃይ ጌይንም ከአንድ የቲዩብ አምፕ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቲዩብ ጊታር አምፕ (በመስታወት ቲዩብ የሚሠራ የጊታር ድምፅ ማጉያ) ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደርሶኛል። የአብዛኞቻችሁ ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ጥርት ያለ ክሊን፣ ማለትም ያልተሰበረ ድምፅ ትፈልጋላችሁ፤ ከዚያው አምፕ ደግሞ ከባድ ዲስቶርሽን፣ ማለትም የተሰበረ ሻካራ ድምፅ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አምፕ ስትመርጡ መጀመሪያ በክሊኑ መዝኑት። ጌይን (ድምፁን እስኪሰበር የሚያጎላው) በኋላም ይጨመራል። መጥፎ ክሊንን ግን በፔዳል (በእግር በሚበራ የድምፅ መለወጫ) አታድኑትም።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም አሳምሮ የሚሠራ አምፕ ማግኘት ለምን ከበደ?

መልስ፦ ሁለቱ ድምፆች ከአምፑ የሚፈልጉት ነገር ስለሚቃረን ነው። ክሊን ትርፍ አቅም ይፈልጋል። ገመዱን ጠንከር አድርገህ ስትመታው ድምፁ ሳይሰበር መውጣት አለበት። ይህ የሚገኘው ከትልቅ ትራንስፎርመር፣ ከከፍተኛ ቮልቴጅ እና ጥቂት የማጉያ ደረጃዎች ብቻ ካሉት ፕሪአምፕ (ድምፁን መጀመሪያ የሚቀበለው የአምፑ ክፍል) ነው።

ሃይ ጌይን በተቃራኒው ነው። 12ኤኤክስ7 የምትባለዋ ትንሽ ቲዩብ በውስጧ ሁለት ማጉያ አላት። ሃይ ጌይን አምፕ እንዲህ ያሉ ማጉያዎችን ሦስት አራት አድርጎ በተከታታይ ይደረድራል። አንዱ ያጎላውን ሌላው ተቀብሎ ጭራሽ ያጎላዋል። ሲግናሉ መሄጃ ሲያጣ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል። ዲስቶርሽን የምንለው እሱን ነው።

ቤዙም ጣጣ አለው። ቤዝ ሳይቀነስ ወደ ዲስቶርሽን ከገባ ድምፁ ይጨማለቃል። ወፍራሙ ገመድ ላይ ፈጣን ሪፍ (የሚደጋገም አጭር ሐረግ) ስትጫወት አንዱ ኖታ ከሌላው አይለይም። ስለዚህ ሃይ ጌይን አምፖች ቤዙን ከዲስቶርሽኑ በፊት ቀንሰው ከዲስቶርሽኑ በኋላ ይመልሱታል። ክሊን ላይ ቤዙን እንዲህ ብትቀንሰው ድምፁ ቀጥኖ ይቀራል። ጥሩ ባለ ሁለት ቻናል (ባለ ሁለት የድምፅ መንገድ) አምፕ ማለት እንግዲህ አንድ ሳጥን ውስጥ የገቡ ሁለት ፕሪአምፖች ናቸው። ዋጋው ከፍ የሚለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የፌንደር ክሊን ነፍሴ ነው፤ ግን ሜታልም እጫወታለሁ። ፌንደር፣ ማርሻል ወይስ ሜሳ ቡጊ ልግዛ?

መልስ፦ የሦስቱም መነሻ አንድ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የማርሻል ጄቲኤም45 የተሠራው ቤዝማን የተባለውን የፌንደር አምፕ ሰርኪት መሠረት አድርጎ ነው። የሜሳ ቡጊው ራንዳል ስሚዝም የጀመረው ትንሿን ፌንደር ፕሪንስተን ከፍቶ ኃይሏን በመጨመር ነው።

ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ከ1963 ጀምሮ የክሊን መለኪያ ሆኖ ኖሯል። 85 ዋት፣ አራት 6ኤል6 ቲዩብ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር። ስትሸከመው ወገብህን ይፈትናል፤ ድምፁ ግን ይክስሃል። የማርሻል ጄሲኤም800 ስያሜ በ1981 የመጣ ነው። ታዋቂው ባለ 100 ዋት 2203 አንድ ቻናል ብቻ ነው ያለው፤ በሚድል (በመካከለኛው የድምፅ ክልል) የተሞላ ቁጡ ድምፅ ይሰጥሃል። ክሊን ከፈለግክ የጊታርህን ቮሊዩም ትቀንሳለህ።

ከዚያ እነ ሶልዳኖ ኤስኤልኦ-100 በ1987፣ ፒቪ 5150 በ1992 መጡ። የሜሳ ዱዋል ሬክቲፋየርም የዚያው የ1990ዎቹ መጀመሪያ ልጅ ነው። 5150ን ለሪፍ በጣም እወደዋለሁ። ነገር ግን የመጀመሪያው 5150 ላይ ሁለቱ ቻናሎች የሚጋሩት አንድ የቤዝ፣ ሚድልና ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) ማስተካከያ ነው። ለሪፉ ስታስተካክለው ክሊኑ ይበላሻል፤ ለክሊኑ ስታስተካክለው ሪፉ ይላላል። ተከታዩ 5150 II ላይ ለየቻናሉ ለየብቻ ሆነ።

ላንተ የምመክርህ የሜሳ ማርክ ቤተሰብን ነው። ክሊኑ የፌንደር ደም አለው፤ ጌይኑ ደግሞ ጥብቅ ነው። ብዙዎቹ ያላቸው ግራፊክ ኢኪው (የድምፁን ክልሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው) የሚሠራው ከዲስቶርሽኑ በኋላ ስለሆነ ቤዙን እዚያ ትመልሳለህ። ማስተካከያው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሌላው መንገድ የፌንደር ዓይነት ክሊን አምፕ ይዞ ጌይኑን በፔዳል ማምጣት ነው።

ጥያቄ፦ ፔዳል ግን የእውነት ሃይ ጌይን ይሰጣል? ባለ 22 ዋት ዴሉክስ ሪቨርብ አለኝ። ልሽጠው እያልኩ ነው።

መልስ፦ እባክሽ አትሽጪው። መጀመሪያ ጥሩ የፕሪአምፕ ዓይነት ዲስቶርሽን ፔዳል ሞክሪ። የራሱ ባለ ሦስት ኢኪው ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ በተለይ ሚድሉን ማስተካከል መቻል አለብሽ። የፌንደር አምፖች በተፈጥሯቸው ሚድላቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ፔዳሉ ላይ ሚድል ካልጨመርሽ ባንድ ውስጥ ትጠፊያለሽ። የአምፑን ቮሊዩም ክሊን እስከሆነ ድረስ ብቻ ክፈቺ። አምፑም ፔዳሉም አብረው ከተሰበሩ ቤዙ ይላላል።

መሸጥ የሚያስፈልግሽ ዝቅ ብሎ በተቃኘ ጊታር ከድራመር ጋር ከባድ ሜታል የምትጫወቺ ከሆነ ነው። እዚያ 22 ዋትና አንድ ከኋላ ክፍት የሆነ ስፒከር አይበቃሽም።

ጥያቄ፦ 100 ዋት ከ50 ዋት እጥፍ ይጮኻል አይደል?

መልስ፦ አይጮኽም። ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ትሰማዋለህ እንጂ አያስደነግጥህም። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ የ5 ዋት አምፕ የ50 ዋቱን ግማሽ ያህል ይጮኻል ማለት ነው። «5 ዋት ለመኝታ ቤት» የሚባለውን ሰምቶ የገዛ ሰው ጎረቤት በር ሲያንኳኳበት የሚገባው ይኼ ነው።

ዋት የምንገዛው በዋናነት ለክሊን ነው። ዲስቶርሽኑ ከፕሪአምፑ ስለሚመጣ ሃይ ጌይን በዝቅተኛ ቮሊዩምም ይገኛል። ክሊን ግን ከድራም ጋር እኩል ለመሰማት ትርፍ አቅም ይፈልጋል። ባንድ ውስጥ ንጹሕ ክሊን የምትፈልግ ከሆነ ከ40 እስከ 50 ዋት ያለው ብትይዝ ደስ ይለኛል። ለቤትና ለቀረጻ 15 ወይም 20 ዋት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ፓወር ቲዩቡ (ስፒከሩን የሚነዳው) የትኛው ይሁን፦ 6ኤል6፣ ኢኤል34 ወይስ ኢኤል84?

መልስ፦ 6ኤል6 ለሰፊ ክሊንና ለጠንካራ ቤዝ፣ ኢኤል34 ለሚድልና ለቁጣ፣ ኢኤል84 ደግሞ ቶሎ ለሚሰበርና ለሚያብለጨልጭ ድምፅ፤ እንደ ቮክስ ኤሲ30 ማለት ነው። በዚህ ብቻ ግን አትምረጥ። ሃይ ጌይን ቻናል ላይ ስፒከሩና ፕሪአምፑ የሚያመጡት ለውጥ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። አምፑ ለሁለቱም ተብሎ ካልተሠራ ደግሞ አንዱን ነቅለህ ሌላውን አትሰካ።

ጥያቄ፦ ስፒከር ያን ያህል ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው! ለአምፕ የመደቡትን ገንዘብ ሁሉ አምፑ ላይ አይጨርሱ። ሴሌስሽን ግሪንባክ 25 ዋት ይሸከማል፤ ለስለስ ያለና ሚድሉ የሚጣፍጥ ነው። ቪንቴጅ 30 ደግሞ 60 ዋት ይሸከማል፤ ከፍ ባለው ሚድል ላይ ጎላ ስለሚል ጌይን ላይ ሪፉን ያወጣዋል። ክሊን ላይ ግን አንዳንድ ጆሮ ይሻክረዋል። ስፒከሮቹ አንድ ላይ የሚሸከሙት ዋት ከአምፑ መብለጥ አለበት። 100 ዋት አምፕ አንድ ግሪንባክ ላይ ከሰኩ ስፒከሩን ያቃጥሉታል።

ካቢኔቱም ወሳኝ ነው። ከኋላ ክፍት የሆነ ካቢኔት ክሊኑን ክፍሉ ውስጥ ይበትነዋል፤ ደስ ይላል። የተዘጋ ካቢኔት ቤዙን ይጨብጠዋል፤ ለሃይ ጌይን የሚያስፈልገው እሱ ነው። ለሁለቱም አንድ ይምረጡ ከተባልኩ የተዘጋ ባለ ሁለት 12 ኢንች እላለሁ። ክሊኑ ትንሽ አየር ያጣል፤ የላላ ሪፍ ግን በምንም አይስተካከልም።

ጥያቄ፦ ስፒከር ሳልሰካ አምፑን ከፍቼ በሌላ መሣሪያ ብቀርጽስ?

መልስ፦ በፍጹም። የቲዩብ አምፕ ጭነት ሳይኖረው ከተጫወትክበት የውጤት ትራንስፎርመሩ ላይ አደገኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ትራንስፎርመሩ ወይም ቲዩቦቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ወይ ስፒከር፣ ወይ ሎድ ቦክስ (በስፒከር ፈንታ ኃይሉን የሚቀበል ሳጥን) መሰካት አለበት። ኦሙንም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያውን) አዛምድ፦ 8 ኦም መውጫ ከ8 ኦም ካቢኔት። ገመዱ ደግሞ የስፒከር ኬብል ይሁን። የጊታር ኬብል መሰኪያው ቢመሳሰልም ሽቦው ቀጭን ነው፤ ያንን ኃይል አይችልም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው። እድሜዬም ገፍቷል፤ ጆሮዬን መጠበቅ እፈልጋለሁ። የቲዩብ አምፕ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አይቅርብዎት። ከአምፑና ከስፒከሩ መሃል የሚገባ አቴንዌተር አለ፤ የኃይሉን ብዙውን ክፍል ወደ ሙቀት ቀይሮ የቀረውን ብቻ ወደ ስፒከር ይለቃል። ሲገዙ የሚሸከመው ዋት ከአምፑ የሚበልጥ፣ ኦሙም የሚገጥም ይሁን። የሄድፎን መውጫ ያለው ሎድ ቦክስ ከሆነ ጭራሽ ያለ ስፒከር በሄድፎን ይጫወታሉ። ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ቤዝና ትሬብልን ሳሳ አድርጎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ አምፑ ተበላሽቷል ብለው አይስጉ፤ ሁለቱን ትንሽ ከፍ ያድርጓቸው።

ጥያቄ፦ የአምፔ ክሊን ቶሎ ይሰበራል። ሳልቀይረው ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ነፃ የሆነውን ሞክሪ፦ ፒክአፑን (ጊታሩ ላይ የገመዱን ንዝረት የሚቀበለውን) ከገመዱ ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ሲሆን ልዩነቱ ይሰማል። ካልበቃ የመጀመሪያዋን 12ኤኤክስ7 በ5751 ወይም በ12ኤቲ7 ቀይሪ። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት መጠን 100 ሲሆን የ5751 70፣ የ12ኤቲ7 60 ነው። ክሊኑ ይሰፋል። ያቺ ቲዩብ ለሁለቱም ቻናል የምታገለግል ከሆነ ግን ጌይንሽም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ሃይ ጌይን ቻናሌ ስለቀው ይጨማለቃል። ጌይኑን ጨመርኩት፣ ባሰበት።

መልስ፦ ቀንሰው። ከዚያ ቲዩብ ስክሪመር የሚባለውን ዓይነት ኦቨርድራይቭ ፔዳል ከአምፑ በፊት አድርግ፤ ድራይቩን ወደ ዜሮ፣ ሌቭሉን ወደ ላይ። ይህ ፔዳል ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ብዙም ሳያጎላ ያልፈዋል፤ በዚያም ላይ ሚድሉን ገፋ ያደርገዋል። ቀደም ብዬ ስለ ቤዝ ያልኩትን ሥራ ነው የሚሠራልህ። ዲሌይና ሪቨርብህን ደግሞ ወደ ኢፌክት ሉፕ (ከፕሪአምፑ በኋላ ያለ የፔዳል መሰኪያ) አዛውራቸው። ከዲስቶርሽኑ በፊት ከገቡ ማስተጋቢያው ራሱ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ አምፕ ላይ ምን ልይ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሚሠራበትን ቮልት እይ። የ120 ቮልት አምፕ 220 ላይ ከተሰካ አለቀለት። ከዚያ አብራውና ጀርባውን ተመልከት። የቲዩቡ ውስጥ ትንሽ ብርቱካናማ ፍም ጤነኛ ነው። ውጪያዊው የብረት ሰሌዳ ራሱ ከቀላ ግን ቶሎ አጥፋው። ፕሪአምፕ ቲዩቦቹን በእርሳስ ቀስ ብለህ ምታቸው፤ የሚደውል ካለ መቀየር አለበት፤ እሱ ቀላል ወጪ ነው። ድምፁ እየመጣ እየሄደ ከሆነ ከኢፌክት ሉፑ መውጫ ወደ መግቢያው አጭር ኬብል ስካ። ከተስተካከለ ችግሩ የቆሸሸ መሰኪያ ነው።

ፓወር ቲዩቦቹ በሙሉ አዲስ የሚፈልጉ ከሆነ ዋጋ ስትደራደር አስገባው። ተመሳሳይ መለኪያ ያላቸው ጥንዶች መሆን አለባቸው፤ አብዛኞቹ አምፖች ላይም ባያስ (በቲዩቦቹ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት) የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል። ሳጥኑን ራስህ አትክፈት። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ይኖራል፤ ካፓሲተሮቹ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ይዘውት ይቆያሉ። ይህ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ ነገ ሦስት አምፕ ልሞክር ነው። በምን ቅደም ተከተል?

መልስ፦ የራስህን ጊታር ይዘህ ሂድ። ሁሉንም ማስተካከያ መሃል ላይ አድርግና በክሊኑ ጀምር። ቮሊዩሙን ባንድ ውስጥ እስከምትጫወትበት ድረስ ከፍ አድርግ፤ ሰፊ ኮርዶችን ጠንከር አድርገህ ምታ። እዚህ ደስ ካላለህ ጌይኑን ሳትሞክር ወደሚቀጥለው እለፍ። ደስ ካለህ ወደ ጌይን ቻናሉ ሂድና ወፍራሙን ገመድ በመዳፍህ አፍነህ ምታው። ኖታው ቁርጥ ብሎ ይቆማል ወይስ ይጎተታል? በመጨረሻ ምንም ማስተካከያ ሳትነካ ቻናሎቹን በፉት ስዊች ደጋግመህ ቀያይር። አንዱ ሌላውን የሚውጥ ከሆነ ወይም ስትቀይር እጅህ ወደ ትሬብሉ የሚሮጥ ከሆነ ያንን አምፕ ተወው።