ፔሳንትሬንና የሙያ ትምህርት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ኢንዶኔዥያ እስላማዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጠይቃችኋል። በየተራ ልመልስ።

ፔሳንትሬንን ከሙያ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?

ፔሳንትሬን ደረሳው እዚያው እያደረ ዲኑን የሚማርበት ቦታ ነው። ደረሳው «ሳንትሪ»፣ ሸኹ «ኪያይ» ይባላሉ። አንዳንዶቹ በግቢያቸው የሙያ ሁለተኛ ደረጃ ከፍተዋል፤ ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። ልጁ ቀን መካኒክነት ወይም ኮምፒውተር ይማራል፣ ማታ ኪታብ (የዲን መጽሐፍ) ይቀራል።

ታዲያ የፔሳንትሬንን እሴት ወደ ሙያ ትምህርቱ ለማስገባት የዲን ክፍለ ጊዜ መጨመር አይበቃም?

አይበቃም! በ1926 ጃቫ ውስጥ የተመሠረተው ጎንቶር የተባለ ፔሳንትሬን አምስት እሴቶች አሉት፦ ኢኽላስ (ለአላህ ብሎ በቅንነት መሥራት)፣ ቀላል ኑሮ፣ ራስን መቻል፣ ወንድማማችነትና ነፃነት። እነዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ካልታዩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ። አንድ ልጅ የሞተር ሳይክል ፍሬን ፈትቶ ሲገጥም አንዲት ብሎን ጠፋችበት እንበል። ማንም አላየውም። ሞተሩን ዝም ብሎ ይሸኘዋል ወይስ ለአስተማሪው ይናገራል? አማና (ታማኝነት) ማለት ያቺ ብሎን ናት። አስተማሪው ደግሞ እውነቱን የተናገረውን ልጅ ከጮኸበት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል።

የፔሳንትሬንና የሙያ ትምህርት የማስተማሪያ ዘዴ አይጋጭም?

እንዲያውም ይመሳሰላል። «ሶሮጋን» በሚባለው ዘዴ ሳንትሪው ተራውን ጠብቆ ኪያዩ ፊት ያነባል። ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ብየዳም የሚለመደው እንዲሁ ነው፤ አንድ በአንድ፣ እጅ እየታየ።

ሴቶችስ?

ይማራሉ፤ ማደሪያቸው ለብቻ ነው። ልብስ ስፌት ብቻ ነው የሚሆናቸው የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም።

ከባዱ ነገር ምንድን ነው?

እንቅልፍ። ከሱብሒ በፊት የተነሳ ልጅ እስከ ማታ ኪታብ ላይ ከቆየ፣ በማግስቱ ማሽን ፊት ያንጎላጃል። ይሄ ጣት ያስቆርጣል። የማሽን ልምምድ ባለበት ቀን ዋዜማ የማታው ትምህርት አጭር ይሁን እላለሁ።

ሌላው የሥራ ላይ ልምምድ ነው። ልጁ ለወራት ከግቢው ይወጣል። ኪያዩ አጠገቡ የለም፣ ሰላት የሚያስታውሰው ጓደኛም የለም። ስለዚህ ድርጅቱን ሲመርጡ የማሽኑን ዓይነት ብቻ አይዩ። የሰላት ሰዓት ይሰጣል ወይ? ልጁስ የት ያድራል? ሁለት ሁለት አድርጎ መላክም ይረዳል።

መንግሥት ይቀበለዋል?

አዎ። የ2019ኙ የፔሳንትሬን ሕግ (ቁጥር 18) ሦስት ተግባር ይሰጣቸዋል፦ ትምህርት፣ ደዕዋ (ወደ ዲን መጥራት) እና ማኅበረሰብን ማብቃት። ሙያው ከሦስተኛውም ጋር ይገጥማል፤ የሰለጠነው ሳንትሪ የመንደሩን የውሃ ፓምፕ መጠገን ይችላልና።