ቁልቁለት ላይ የሚቀዘቅዝ፣ ዳገት ላይ የሚግል ሞተር

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንባቢ የ2005 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ አላቸው፤ ሞተሩ 1.3 ሊትር ቤንዚን ነው። መኪናውን ሁለተኛ እጅ ገዝተው ብዙም አልቆዩ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ማሞቂያው ለብ ያለ አየር ብቻ ይሰጣል፣ ቤንዚንም ይበላል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ የሙቀት ቀስቱ እስከ ታች ይወድቃል። ከሸዋ ሮቢት ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱ ላይ ከመካከል በላይ ይወጣል። «ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል) ተበላሽቷል ብለውኛል። የተበላሸ ቴርሞስታት ግን ወይ ያግላል ወይ ያቀዘቅዛል እንጂ እንዴት ሁለቱንም ያደርጋል?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የምጠረጥረው የቴርሞስታቱን መበላሸት ሳይሆን ከነጭራሹ አለመኖሩን ነው። በአገራችን መኪና ውሃ አፈላ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ ተነቅሎ የሚጣለው እርሱ ነው። ምክንያቱን ሲጠይቁ «ለእኛ አገር አየር አያስፈልግም» ይባላሉ። ይህ አነጋገር ለአፋር ሙቀት እንኳ አይሠራም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ለሚወርድባት ደብረ ብርሃን ደግሞ ጭራሽ የማይሆን ነው።

ሁለቱ ተቃራኒ ምልክቶች እንዴት አብረው እንደሚመጡ ላስረዳ። ቴርሞስታቱ ውስጥ ሰም የያዘች የነሐስ ቀፎ አለች። ሙቀቱ ወደ 82 ዲግሪ ሲጠጋ ሰሙ ይቀልጥና ይለጠጣል፤ ያን ጊዜ ምላሱን ገፍቶ ከራዲያተር ለሚመጣው ውሃ መንገድ ይከፍታል። ሲቀዘቅዝ ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋዋል። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። ብዙዎች የሚዘነጉት የእርስዎ ዓይነት ሞተር ላይ ያለው ቴርሞስታት ከታች በኩል ሁለተኛ ክዳን ያለው መሆኑን ነው። ከሞተሩ የወጣ ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ፓምፑ የሚመለስበት ቀዳዳ አለ። ላይኛው ምላስ ሲከፈት የታችኛው ክዳን ይህን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከተነቀለ ግን ሁለቱም መንገዶች ሁልጊዜ ክፍት ናቸው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሥራ ስለማይበዛበት ራዲያተሩ ያለ ከልካይ ያቀዘቅዘዋል። ዳገት ላይ ደግሞ የትኩሱ ውሃ ከፊሉ በአቋራጩ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። ግማሽ ድረስ ተከፍቶ በዝገት የደረቀ ቴርሞስታትም ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል፤ ያም ቢሆን መፍትሔው አንድ ነው።

ከመፍታትዎ በፊት ሌሎቹን ጥርጣሬዎች ያጥሩ። ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘ ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው ሙሉ መሆኑን ይዩ። በጋለ ሞተር ላይ ግን በፍጹም እንዳይከፍቱት። ውሃ ሲጎድል ማሞቂያው ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱን ለክቶ ለቀስቱ የሚነግረው ሴንሰርም አየር ላይ ስለሚቀር ቀስቱን ያወርደዋል፣ ሞተሩ ግን እየነደደ ሊሆን ይችላል። ቀስቱ ዝቅ ብሎ ማሞቂያው እጅ የሚለበልብ አየር ቢሰጥ ኖሮ ሴንሰሩን እንፈትሽ እልዎት ነበር። የእርስዎ ማሞቂያም ለብ ያለ በመሆኑ ሞተሩ በእርግጥ ቀዝቅዟል። ፋኑ በቀጥታ ተቀጥሎ ሳያቋርጥ የሚዞር ከሆነም ያስተካክሉት እንጂ ዋና ተጠያቂ አያድርጉት፤ ጤነኛ ቴርሞስታት እስከተዘጋ ድረስ ራዲያተሩ ቢቀዘቅዝም ሞተሩ ይሞቃል።

ቀጥሎ የእጅ ፍተሻው አለ። ጠዋት ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረግጡ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ከዚያ አጥፍተው፣ ቁልፉን ነቅለው፣ ራዲያተሩን ከሞተር የሚያገናኙትን ጎማ ቱቦዎች ይዳስሱ። ብዙ ሰው የላይኛውን ብቻ ጨብጦ ይፈርዳል። በእርስዎ መኪና ቴርሞስታቱ የሚቀመጠው በታችኛው ቱቦ በኩል ስለሆነ የላይኛው ቀድሞ ቢሞቅ ምንም አያስደንቅም። ፍርዱን የሚሰጠው የታችኛው ነው። ቴርሞስታቱ ካለና ከዘጋ፣ የላይኛው ሲሞቅ የታችኛው ቱቦና የራዲያተሩ ታች የሌሊቱን ብርድ እንደያዙ ይቆያሉ። ሁለቱም ቱቦዎች እኩል፣ ቀስ እያሉ ለብ እያሉ ከመጡ ከልካይ የለም ማለት ነው።

በዚህ መሀል የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ክሬም የመሰለ ቅባት ቢያገኙ አይደንግጡ። «የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ ሞተሩ ይውረድ» የሚልዎት አይጠፋም። ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ውስጥ እርጥበቱ ተንኖ ስለማይወጣ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ክዳኑ ላይ ይጋገራል። የዘይት ልኬት ዘንጉን መዘው ይመልከቱ። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ንጹሕ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ የማይጎድል ከሆነ፣ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ይግጠሙና ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይዩት።

አሁን ይፈታ። የታችኛው ቱቦ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ክዳን ሲነሳ ቤቱ ባዶ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቴርሞስታት ካገኙበት ሳይሞቅ ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፤ በምላሱ ዙሪያ ብርሃን ካሳለፈ ሞቷል። ከዳር ያለችውን የአየር መውጫ ትንሽ ቀዳዳ ግን ከብልሽት አይቁጠሯት።

አዲስ የገዙትንም ሳይፈትኑ አይግጠሙ። ከምላሱ ሥር ክር አስገብተው፣ ቴርሞስታቱን በክሩ አንጠልጥለው፣ የድስቱን ሥር ሳይነካ ውሃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ያሙቁት። ምላሱ መከፈት ሲጀምር ክሩን ይለቀውና ይወድቃል። 82 ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ ከ80 እስከ 84 ባለው መካከል መልቀቅ አለበት። እዚህ ላይ ደጋ የሚኖር ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ደግሞ 95 አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሃው እየተንፈቀፈቀ ምላሱ ገና በከፊል ብቻ ተከፍቶ ያዩታል። ጤነኛ ዕቃ ነውና «አይሠራም» ብለው እንዳይመልሱት።

ይኸው የ91 ዲግሪ ቁጥር ቴርሞስታቱ መጀመሪያ ለምን እንደተነቀለም ሳይነግረን አይቀርም። ደህና የራዲያተር ክዳን ውሃውን በግፊት አምቆ ስለሚይዝ ደብረ ብርሃን ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግን ውሃው በ91 ይፈላል። በብዙ ቶዮታዎች ፋኑ የሚነሳው 95 አካባቢ ነው፤ እንግዲህ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ፈልቶ ይገነፍላል ማለት ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ የሞተው ክዳኑ ነው። ቴርሞስታቱ የተነቀለው በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ ክዳኑን ሳይቀይሩ ቴርሞስታት ብቻ ቢገጥሙ መኪናው እንደገና ያፈላል፤ ቀጣዩም መካኒክ እንደገና ነቅሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ሁለቱን አብረው ይቀይሩ። አሮጌው ክዳን ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አይመኑ፤ ከሌላ መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። ለሞተሩ የተሠራውን ይጠይቁ። ሁለቱም ተቀይረው ዳገቱ ላይ ቀስቱ አሁንም ከመካከል ካለፈ የራዲያተሩን መደፈን ያስመርምሩ።

ሲገጥሙ የአየር መውጫዋ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፤ በቴርሞስታቱ ዙሪያ የሚገባው ጎማም አዲስ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ዝገትና አሸቦ ስለሚያመጣ ውርጭ የሚቋቋም ኩላንት ይሙሉ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው፣ ቀዝቃዛውን ሞተር በሚኒሞ ያሠሩት፤ አየሩ እየተንቦጨቦጨ ሲወጣ ይጨምሩበት። ውሃው አንገቱ ድረስ ሞልቶ መንቦጭቦጩን ሲያቆም፣ መፍላት ሳይጀምር ክዳኑን ይግጠሙ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ክዳኑን ከፍተው የጎደለውን ይሙሉ፤ አየር አንድ ሌሊት ጠብቆ የመውጣት ልማድ አለው።