ባለቤቴ አይመታኝም፤ ነገር ግን አብሬው መኖር አልችልም። መፋታት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል፤ የ12 እና የ7 ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ አይመታኝም፣ አይጠጣም፣ ደመወዙንም ለቤት ያውላል። ነገር ግን ከመጀመሪያውም ፍቅር አልነበረንም። አሁን ደግሞ ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሳንለዋወጥ ሳምንት ያልፋል። ፍቺ ስጠይቀው «አልፈታሽም፤ ከወጣሽም ባዶ እጅሽን ነው» አለኝ። ሽማግሌዎችም «ምን አጎደለብሽ?» ብለው መለሱኝ። በቅርቡ ያየሁት የእስራኤል ፊልም ላይ አንዲት ሴት ባሏ እንዲፈታት አምስት ዓመት ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። የእኔም ዕጣ እንዲህ ነው? የኮንዶሚኒየም ቤታችን ውል በእሱ ስም ነው፤ ቅድሚያ ክፍያውንም ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ እንደከፈለ ይናገራል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ይህን ይወቁ፤ በእኛ ሕግ ለመፋታት የባለቤትዎ ፈቃድ አያስፈልግዎትም። «አልፈታሽም» የሚለው ቃል ሊያስፈራ ይችላል እንጂ በሕግ ፊት በሩን የሚዘጋ ኃይል የለውም።

ያዩት ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ እህትና ወንድም የሆኑት ሮኒትና ሽሎሚ ኤልካቤጽ የሠሩት የቪቪያን አምሳለም ታሪክ ይመስለኛል። በእስራኤል አይሁዳውያን የሚጋቡትም ሆነ የሚፋቱት በሃይማኖት ሥርዓት ነው፤ ፍቺውን የሚያየውም የሃይማኖት ፍርድ ቤት ነው። ፍቺው የሚጸናው ባልየው «ጌት» የተባለውን የፍቺ ጽሑፍ በፈቃዱ ለሚስቱ ሲሰጣት ነው። ፍርድ ቤቱ በእምቢተኛ ባል ላይ ማዕቀብ መጣል፣ እስከ ማሰርም መድረስ ይችላል፤ ጽሑፉን ግን በእሱ ቦታ ሆኖ አይሰጥም። እዚያ የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ወገኖቻችንም የሚዳኙት በዚሁ ሥርዓት ነው። የፊልሟ ሴት ባል እንደ እርስዎ ባለቤት ነው፤ አይመታም፣ ቤቱንም አይበድልም፤ ዳኞቹም «ታዲያ ምን ሆነሽ?» እያሉ ይመልሷታል። ሐዘንዎ ከእሷ ሐዘን ጋር መመሳሰሉ ገብቶኛል። የሚዳኙበት ሕግ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ሽማግሌዎቹ የጠየቁዎት ጥያቄ ከየት እንደመጣ መናገር ያስፈልጋል፤ ከክፋት የመነጨ አይደለምና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያየው በጥፋት መነጽር ነበር። ምንዝር የፈጸመ፣ ቤቱን ጥሎ ለሁለት ዓመት የጠፋና የመሳሰለው ከባድ ምክንያት ካለ ፍቺው ይፈጥናል። ያ ከሌለ ግን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ጉዳዩን እስከ አንድ ዓመት ሊያቆዩት ይችሉ ነበር። በቂ ምክንያት ሳይኖረው ፍቺ የጠየቀ ሰውም በንብረት ክፍፍሉ ይጎዳል። ፍቺውን የሚወስኑትም ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ነበሩ። አርባ ዓመት የሠራ ሕግ በአንድ አዋጅ ከሰው አእምሮ አይወጣም፤ ብዙ አባቶች እስከ ዛሬ ሽምግልና የሚቀመጡት በዚያ ልማድ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ከሥሩ ለወጠው። ዛሬ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው ሊፋቱ ይችላሉ፤ ካልተስማሙም አንዳቸው ብቻቸውን አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። አቤቱታ አቅራቢው ምክንያቱን መግለጽ ይችላል እንጂ የሌላውን ጥፋት የማስረዳት ግዴታ የለበትም። ሽማግሌዎች የሚችሉት ማስታረቅን መሞከርና ውጤቱን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ነው። «አይሆንም፣ ተመለሺ» ብለው መወሰን አይችሉም። (ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል የምትኖሩ አንባቢዎች የክልላችሁን ሕግ እዩ።)

አቤቱታውን የሚያቀርቡት ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው። ለባለቤትዎ መጥሪያ ይደርሰዋል። መጥሪያው ደርሶት ባይቀርብ እሱ በሌለበት ሊታይ ይችላል እንጂ ጉዳዩ ቆሞ አይጠብቀውም። ዳኛው ሁለታችሁንም በጋራ ወይም በተናጠል አነጋግረው እንድትታረቁ ይሞክራሉ፤ የመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንዲያዩትም ሊያደርጉ ይችላሉ። ይህ ካልሠራ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጡ ይችላሉ። ከዚያ በኋላም አቋምዎ ካልተለወጠ ፍቺው ይወሰናል።

በዚህ ሂደት አንድ ነገር አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ ባለቤትዎን ክፉ አድርጎ ለመሳል አይድከሙ። በቢሮዬ የማያቸው ብዙ ሴቶች «ፍቅር የለንም» ማለት ለፍርድ ቤት የማይበቃ ስለሚመስላቸው ያልተመቱትን ተመታሁ፣ ያልተሰደቡትን ተሰደብኩ ሊሉ ይቃጣቸዋል። ይህ ውሸት ከመሆኑም በላይ ጎጂ ነው፤ ነገ ስለ ልጆቻችሁና ስለ ቤታችሁ የምትደራደሩት ከዚሁ ሰው ጋር ነው። «ለ14 ዓመት ሞከርኩ፤ ከእንግዲህ አብሬው መኖር አልፈልግም» ብሎ በጨዋነት መናገር በቂ ነው። ዳኛው «አስበሽበታል?» ብለው ቢጠይቁዎት አይደንግጡ፤ ማስታረቅን መሞከር ሥራቸው ነው።

ስለዚህ ትግሉ በፍቺው ላይ ሳይሆን በንብረቱ ላይ ይሆናል፤ «ባዶ እጅሽን ነው» ወደሚለው ልለፍ። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። «የግሌ ነው» የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። የኮንዶሚኒየሙ ውል በእሱ ስም መሆኑ ብቻውን ምንም አይለውጥም። የውርስ ገንዘቡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በጋብቻ ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ሀብት በእርግጥ የግል ነው። በግል ገንዘብ የተገዛ ንብረትም የግል ሊባል ይችላል፤ የሚሆነው ግን ባለጉዳዩ ጠይቆ ፍርድ ቤት ሲያጸድቅለት ነው። ባለቤትዎ ይህን መቼም ካልጠየቀ፣ ውርሱን ማግኘቱንና ያ ገንዘብ በቀጥታ ለቅድሚያ ክፍያው መዋሉን በሰነድ ካላስረዳ፣ በቃል መናገሩ አይበቃውም። ቢያስረዳ እንኳ ለዓመታት ከደመወዝ ለባንክ የተከፈለው ከጋራ ሀብት የወጣ ነው። ስለዚህ የባንክ ክፍያ ደረሰኞችን፣ የሒሳብ መግለጫዎችን፣ የቤቱን ውል ቅጂ አሁኑኑ ያሰባስቡ።

ለእርስዎም የማያስደስት እውነት አለ። ከደመወዝዎ በራስዎ የባንክ ደብተር ያጠራቀሙት ገንዘብ ካለ እሱም የጋራ ሀብት ነው፤ የግል ገቢ ሁሉ በጋብቻ ውስጥ የጋራ ነውና። ደብቀው ወደ ዘመድ ስም ቢያዛውሩት ችሎት ላይ ያለዎትን ተአማኒነት ያጠፋሉ። ለእርስዎ በስጦታ የተሰጠዎት ወርቅ ካለ ግን የግልዎ ነው።

የጋራ የሆነን ቤት ያለ እርስዎ ስምምነት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት አይችልም። ቢያደርገው እንኳ ካወቁበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ፣ ከተፈጸመ ደግሞ ሁለት ዓመት ሳያልፈው፣ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላሉ። ከተሸጠ በኋላ ከመሮጥ ይልቅ ግን ከፍቺ አቤቱታው ጋር የእግድ ጥያቄ ማያያዝ ይሻላል። እስከዚያ ድረስ ምንነቱን ያላወቁትን ወረቀት፣ በተለይ ውክልና፣ አይፈርሙ።

ከቤት መውጣት ድርሻን ያሳጣል የሚል ድንጋጌ በሕጉ የለም። ሆኖም ሳይታሰብበት በንዴት መውጣትን አልመክርም፤ ልጆቹም ሰነዶቹም እዚያ ናቸው። አቤቱታው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያውኑ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከቤት መውጣት ካለባችሁ ዳኛው የሚያዩት የልጆቹን ጥቅምና ቢወጣ የበለጠ የሚጎዳውን ወገን ነው። ነገሩ ተለውጦ ለደህንነትዎ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ይህን ምክሬን ይተዉትና ልጆችዎን ይዘው ይውጡ።

ልጆቹን በተመለከተ እናት ስለሆኑ ብቻ አያሸንፉም፤ ፍቺ የጠየቁት እርስዎ ስለሆኑም አይሸነፉም። ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤና፣ የመኖሪያ ሁኔታ፣ ከሁሉም በላይ የልጆቹ ጥቅም ይመዘናል። ልጆቹ ከእርስዎ ጋር ቢሆኑ አባታቸው ቀለብ ይከፍላል፣ ይጠይቃቸዋልም። የ12 ዓመቱ ልጅ የሚሰማና የሚረዳ ነው፤ በአባቱ ላይ ምስክር አያድርጉት።

ፍቺ ስለጠየቁ ካሳ እንዳይጠየቁ ፈርተው ይሆናል። ካሳ የሚነሳው አንደኛው ወገን ለፍቺው ምክንያት በመሆን ሌላውን ሲጎዳና ፍትሕ ሲያስገድድ ነው። በገለጹት ሁኔታ እርስዎም እሱም ተጠያቂ የምትሆኑበት ነገር አይታየኝም።

የጋብቻ ምስክር ወረቀትዎን፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፍኬትና የቤቱን ሰነዶች ቅጂ ለሚያምኑት ሰው ያስቀምጡ። የጠበቃ ክፍያ ከከበደዎት የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። አቤቱታውን ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ ባለቤትዎን አንድ ጊዜ ይጠይቁት፤ በስምምነት ከተፋታችሁ ስለ ቤቱና ስለ ልጆቹ የደረሳችሁበትን ስምምነት በጽሑፍ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ፣ ምክንያትም አትጠየቁም። ምናልባት «አልፈታሽም» ያለው እሱም የሽማግሌዎቹን ሕግ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ይህን መልስ ያንብቡለት።