የቡድን አኒሜሽን ለምትሠሩ ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

የቡድን ፊልም ስትጀምሩ ቀድሞ የሚያሳስባችሁ ሥዕሉ ነው። ማን ይበልጥ ይስላል፣ ገጸ ባህሪው ያምራል ወይ እያላችሁ ይመሽባችኋል። የተማሪ ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሥራው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ርክክቡ ላይ ነው። ስለዚህ የምመክራችሁ ስለ ርክክብ ነው።

ከሁሉ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። በሰከንድ 24 ፍሬም (በተከታታይ የሚታይ ነጠላ ምስል) ከሆነ የ2 ደቂቃ ፊልም 2,880 ፍሬም አለው። እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ 1,440 ሥዕል ይፈልጋል። አምስት ከሆናችሁ ለአንድ ሰው 288 ይደርሰዋል፤ ያውም በየሾቱ፣ ማለትም ሳይቆረጥ በሚታየው በእያንዳንዱ ቁራጭ፣ የሚንቀሳቀሰው አንድ ገጸ ባህሪ ብቻ ሲሆን ነው። አንዱ ሥዕል ከረቂቅ እስከ ቀለም ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ 144 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 12 ሰዓት የምታገኙ ከሆነ 12 ሳምንት አለቀ ማለት ነው፤ ስቶሪቦርዱ (ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል የሚያሳየው ዕቅድ)፣ ባክግራውንዱ (ከገጸ ባህሪው ጀርባ ያለው ሥዕል) እና ድምፁ ገና አልተነኩም። ሒሳቡ ፊልሙን ወደ 1 ደቂቃ ካወረደው፣ ይውረድ። በደንብ የተሠራ 1 ደቂቃ ግማሹ ረቂቅ ከሆነ 2 ደቂቃ እጅግ ይበልጣል።

ቀጥሎ አኒማቲክ ነው። የስቶሪቦርዱን ሥዕሎች በትክክለኛ ርዝመታቸው ደርድራችሁ ጊዜያዊ ድምፅ ጨምሩበትና ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ምንም አታብራሩለት፤ አይቶ ሲጨርስ ታሪኩን መልሶ ይንገራችሁ። የተሳሳተበት ቦታ መታረም ያለበት ቦታ ነው። በዚህ ደረጃ አንድ ሾት ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን ያ ሾት የአንድ ጓደኛችሁ የሦስት ሳምንት ድካም ይሆናል፤ «ይውጣ» ለማለት የሚደፍር አይገኝም። ብዙ የተማሪ ፊልም የሚንዛዛው በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሳይመጣ ቁረጡ።

ንግግር ካለ ድምፁን ከሥዕሉ በፊት ቅረጹ፤ አፍ የሚሳለው ድምፅን ተከትሎ ነው። መ፣ በ እና ፐ ሲመጡ ከንፈር የግድ ይገጥማል። «እማማ» የሚለውን ቃል በመስታወት ፊት ብትሉት ከንፈራችሁ ሁለት ጊዜ ሲገጥም ታያላችሁ። የገጠመውን አፍ ከድምፁ አንድ ወይም ሁለት ፍሬም አስቀድማችሁ አስገቡት። ከዘገየ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ይረብሸዋል።

አሁን ወደ ርክክቡ ልምጣ። አምስት ሰው አንድ ገጸ ባህሪ ሲስል ጭንቅላቱ ከሾት ሾት ይተልቃል፣ ያንሳል። መድኃኒቱ ሁሉም ጠረጴዛው ላይ የሚያኖረው አንድ መመሪያ ሉህ ነው። ገጸ ባህሪው ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ተስሎ፣ ቁመቱ የጭንቅላቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ የመስመሩ ውፍረት ስንት ፒክስል እንደሆነ ይጻፍበት። ቀለሙም በኮድ ቁጥር ይቀመጥ፤ ዓይን ያታልላል፣ የሁለት ኮምፒውተር ስክሪንም አንድ አይደለም። በተጨማሪ እያንዳንዱ ሰው የሾቱን የመጨረሻ ሥዕል ቀጣዩን ሾት ለሚሠራው ይስጥ። በሾት 7 ኩባያውን በቀኝ እጁ የያዘ ሰው በሾት 8 በግራው ይዞ የሚገኘው ይህ ስላልተደረገ ነው።

የፋይል ስም ትንሽ ነገር ይመስላል። የሾቱ ቁጥር፣ የሥራው ዓይነትና የእትሙ ቁጥር ይኑረው፤ ሾት 7፣ አኒሜሽን፣ እትም 3 እንደማለት። «የመጨረሻ» የሚል ስም ክልክል ይሁን፤ ከሱ በኋላ «እውነተኛው የመጨረሻ» መምጣቱ አይቀርም። ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር ጻፉት፤ ሌላ ፊደል ሲያገኙ የሚሳሳቱ ሶፍትዌሮች አሉ። ፋይል ተረከብኩ የሚባለውም በራስ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ካዩ በኋላ ነው። ብሌንደር በተባለው የ3D አኒሜሽን ሶፍትዌር ላይ ዕቃው ሁሉ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ከመጣ፣ ፋይሉ የሚፈልጋቸው ምስሎች የላኪው ኮምፒውተር ውስጥ ቀርተዋል ማለት ነው። ምስሎቹን ፋይሉ ውስጥ አሽጎ መላክ ይህን ያስቀራል።

በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚሆንም በመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። በ24 የተሠራው 2,880 ፍሬም በ25 ከተጫወተ ፊልሙ በ115.2 ሰከንድ ያልቃል፤ ድምፁ 4.8 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል።

በ3D አኒሜሽን ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ማውጣቱ፣ የሚፈጀውን ጊዜ ቀድማችሁ ለኩ። አንድ ፍሬም 5 ደቂቃ ከወሰደ፣ 2,880ው ለአንድ ኮምፒውተር ያለ ዕረፍት 10 ቀን ነው። ሬንደሩን በተከታታይ ምስል አውጡ እንጂ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡት። ኮምፒውተሩ 1,900ኛውን ከጨረሰ በኋላ ቢጠፋ ከ1,901 ትቀጥላላችሁ፤ ቪዲዮ ቢሆን ግን ፋይሉ ተበላሽቶ ከዜሮ ልትጀምሩ ትችላላችሁ።

በየሳምንቱ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራችሁ እዩ። ያለቀው ሾት በአኒማቲኩ ቦታ ይግባ፤ ያላለቀው እንደ ረቂቅ ይታይ። አንድ ጓደኛችሁ ወደ ኋላ ከቀረ በዚህ ጊዜ ይታወቃል፤ ቁጣ ሳይነሣ ሥራው ይከፋፈላል። ዝም ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የተጨነቀ ሰው ነውና ሾቱን ከመቀማታችሁ በፊት የትኛው ክፍል እንደያዘው ጠይቁት።

ስትጨርሱ የግምገማ ጽሑፍ ትጠየቃላችሁ። «በቡድን መሥራትን ተማርኩ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለአስተማሪውም ለእናንተም ምንም አይነግርም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለየሾቱ የገመታችሁትንና የፈጀባችሁን ሰዓት ጎን ለጎን መዝግቡ፣ ምክንያቱንም አንድ መስመር ጻፉለት። ለምሳሌ «ሾት 12፦ ግምት 6፣ የፈጀው 19፤ ካሜራው ወደ ጎን ስለሚሄድ ባክግራውንዱ ጠቦ እንደገና ተሳለ» ይሁን። ሃያ እንዲህ ያለ መስመር ካላችሁ ጽሑፉ ራሱን ይጽፋል፤ የሚቀጥለው ፊልም ሒሳብም ከዚያው ገጽ ይጀመራል።