ላሊበላ ይቆየን፣ ሐይቅ ይበቃናል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 52 ነው። የልጅነት ጓደኛዬ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው። አንድ ሰፈር አድገን አንድ ወንበር ላይ ነው የተማርነው። አሁን ግን በዓል ሲመጣ "እንኳን አደረሰህ" ከመባባል አናልፍም። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። የእኔን አሮጌ ኮሮላ ይዘን ሦስት ቀን ዞር ዞር እንበል ብለናል። ችግሩ፣ እሱ ላሊበላንም ግሸንንም ባቲንም በአንዴ ካላየሁ ይላል። እኔ ደም ግፊት አለብኝ፣ ጉልበቴም ብዙ ሰዓት መቀመጥ አይወድም። ባለቤቴ "ሁለት ሽማግሌና አንድ ሽማግሌ መኪና" እያለች ትስቅብናለች። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ለባለቤትህ ንገርልኝ፣ በ52 ሽማግሌ የሚባል የለም። ስለ መኪናው ግን አልከራከራትም።

ላሊበላን ተውት። ቦታው ስለማያምር አይደለም። በሦስት ቀን ላሊበላ ደርሳችሁ ስትመለሱ የምታዩት የፊት መስታወቱን ነው፣ ጓደኛህን አይደለም። የጠፋባችሁ አገር ማየቱ አይደለም፣ የጠፋው አብሮ መቀመጡ ነው። እሱ ደግሞ የሚገኘው ቀስ ብሎ በሚሄድ መኪና ውስጥ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ሲያወራ፣ ቡና ቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይወጣ ነገር ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ቀንሱ፣ መቆሚያውን አብዙ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ቅዳሜ ወደ ሐይቅ። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብትወጡም ቀኑ ሙሉ የእናንተ ነው። ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን በየብስ ይገባል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው፣ እሳቸው ያሠሩት ወንጌል ዛሬም እዚያው አለ። አንተ ገብተህ ስትሳለም እሱ ውጭ ዛፍ ሥር ይጠብቅሃል፣ እሱ ዙሁር ሲሰግድ ደግሞ አንተ ትጠብቀዋለህ። የወሎ ልጅ ይህን ማስተማር አያስፈልገውም።

ምሳ ዓሣ ብሉ። ምክንያት አለኝ። ሥጋ ካላችሁ የአንተ ሥጋ ቤት ሌላ፣ የእሱ ሌላ፣ ሁለት ምግብ ቤት ፍለጋ ስትዞሩ ግማሽ ቀን ያልቃል። ዓሣን ግን ማን ባረከው የሚል የለም። ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ። የሐይቅ ቆሮሶ በሎሚና በሚጥሚጣ፣ ትኩስ እንደወጣ፣ በእጅ። አጥንቱን ዝም ብላችሁ ልቀሙ፣ እዚህ ላይ ወሬ አያስፈልግም።

ጉልበት ከተረፋችሁ ወደ ሰሜን ወደ አምባሰል ጥቂት መግፋት ይቻላል። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ በዚያው በኩል ነው። ካልተረፋችሁ ተመለሱ፣ ማንም አይቆጣችሁም። ብቻ ከመውጣታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ዘመኑ ይህን ሳይጠይቁ የሚወጡበት አይደለም።

እሁድ አርፋችሁ ተነሱ። ከሰዓት በኋላ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ እደሩ። ደሴ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፤ ይህ ሁሉ ቁልቁለት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚያልቀው። ይህን የምልህ ለዕውቀት አይደለም፣ ለፍሬንህ ነው። ገና ከላይ ሳለህ ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ የወረደ ሰው ግማሽ ላይ ሲደርስ የሆነ የተቃጠለ ነገር ይሸተዋል፣ ፔዳሉም ወደ ታች ይሰምጥበታል። እንዲህ ከሆነብህ ዳር ያዝና ቁም፣ እስኪበርድ ጠብቅ። ውሃ እንዳታፈስበት፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ከኋላ ተሳቢ መጥቶ ቢያጨናንቅህ አሳልፈው፣ እሱ ጭነት ነው የያዘው፣ አንተ ጨዋታ።

ሰኞ ባቲ። ሰኞ ያልኩት ገበያው የሚቆመው ሰኞ ስለሆነ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ አሁንም ቁልቁል ነው፣ ሙቀቱ ይጨምራል። አፋሩ ከቆላ፣ አማራውና ኦሮሞው ከደጋ ይመጣል፣ ግመሉ ለብቻው ቦታ አለው። በጠዋት ድረሱ፣ ስድስት ሰዓት ካለፈ ፀሐዩ አያስቆምም። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ግመል ዋጋ ጠይቃችሁ ሳትገዙ ብትሄዱ ግን ማንም አይቀየማችሁም፣ መጠየቁ ራሱ ጨዋታ ነው።

ሙዚቃ? አምባሰል በላይ፣ ባቲ በታች፤ ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም መንገዳችሁ ላይ ነው። አምባሰልን አምባሰል ላይ፣ ባቲን ባቲ መውረጃ ላይ ክፈቱት። ስልክ ግን አንዱ ብቻ ይብራ።

ስለ ደም ግፊትህ፦ ኪኒንህን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ኪስህ ውስጥ ያዘው፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አትተወው። ሽንት ያመላልሰኛል ብለህ እንዳትዘለው፣ ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከመሄድህ በፊት ተለካ፣ ሐኪምህንም ጠይቅ። ጉልበትህ ደግሞ በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ መራመድ ነው የሚፈልገው። ከመሸ አትንዱ። በእኛ ዕድሜ የፊት ለፊት መብራት ዓይን ያጠፋል፣ አህያ ደግሞ መብራት የላትም።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። እኔና ጓደኛዬ ሁለታችንም ሴቶች ነን፣ አርባዎቹን እያጋመስን ነው። ልጆቹ አድገዋል፣ እሷ ቪትዝ አላት። አንድ ቀን ብቻችንን ወጣ ብለን እንምጣ ስንል ዘመድ ሁሉ "ወንድ ሳትይዙ?" ይለናል። ምን እንበላቸው?

መልስ፦ እታለም፣ "ስንመለስ እንነግራችኋለን" በያቸው። ከዚህ በላይ ክርክር አትግቢ። መንገድ መጠየቅና አስቀድሞ ማጣራት ግን ለሴትም ለወንድም እኩል ነው፣ ወዴት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ሰው "ወንድ" ሲል በልቡ የሚያስበው ጎማ ነው። እንግዲያው ጎማውን ተማሩት። አንድ ቅዳሜ ሰፈራችሁ ያለው ጎሚስታ ጋ ሂዱና እሱ ቆሞ እያየ እናንተ ፍቱ፣ እናንተ ግጠሙ። መጀመሪያ ጎማው መሬት ላይ እያለ ቡሎኑን አላሉት፣ ከዚያ ነው ክሪኩ የሚገባው። ብዙ ወንዶች ይህን ገልብጠው ሲታገሉ አይቻለሁ። እጅ ካነሰ ቁልፉ ላይ በእግር መቆም ነው። ስኮርታው ንፋስ እንዳለውም እዩ። ብዙ ቤት ስኮርታ ያለው ለስም ነው።

ሽንት ቤት የምታስቡበት ጉዳይ ከሆነ፣ መንገድ ዳር ከምትቸገሩ ከተማ ስትደርሱ ሆቴል ገብታችሁ ሻይ እዘዙ። ለሻይ የከፈላችሁት ለሽንት ቤቱም ነው። ሐይቅ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የወንዶቹ ገዳም ሴት አያስገባም። ሐይቁ ዳር ግን ማንም አይከለክላችሁም፣ ዓሣውም ያው ዓሣ ነው። ነጠላ ብቻ ሳይሆን ወፍራም ጋቢም ያዙ፣ ወደ ደሴ ስትወጡ ጭጋግ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የኮምቦልቻ ሰው ይህን ሁልጊዜ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር ስንጓዝ ሁልጊዜ ሒሳብ ላይ ግብግብ ነው። እሱ ካልከፈልኩ ይላል፣ እኔ ካልከፈልኩ እላለሁ፣ አስተናጋጁ መሐል ቆሞ ይሳቀቃል። አንድ ጊዜማ ተኮራርፈን ገባን። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ አለው። ከቤት ስትወጡ እኩል አዋጡና ብሩን አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። ነዳጁም ምሳውም ጎሚስታውም ከዚያ ይወጣል። ቦርሳውን የሚይዘው የማይነዳው ነው። መኪናው የአንዱ ከሆነ፣ ሌላው ነዳጁን ለብቻው ይቻል፤ ጎማና ዘይት የሚያልቀው የባለመኪናው ነውና ይህ ውለታ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ብር ከተረፈ ተካፈሉት። ካነሰ ደግሞ ያኔ ብትጋበዙም ግድ የለም፣ የመጨረሻዋ ቡና ላይ ትንሽ ግብግብ ባይኖርማ ወሎ መሆናችሁ በምን ይታወቃል?