ማን ያዛል፣ ማን ይቆጥራል፣ ማን ይናገራል? ለወጣት የማዕድን ባለሙያዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አዘጋጁ ስትባሉ በመጀመሪያ ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው የመሣሪያ ዝርዝር እንደሆነ አውቃለሁ፤ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የጋዝ መለኪያ፣ ቃሬዛ፣ አምቡላንስ። ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን በግዢ ሊሟሉ የሚችሉ ናቸው። በገንዘብ የማይገዛው፣ አደጋው በደረሰባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ማን እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚቆጥርና ማን እንደሚናገር አስቀድሞ የተስማሙበት ሥርዓት ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2006 ማለዳ፣ በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው የሳጎ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ 13 ሠራተኞች መውጫ አጡ። የነፍስ አድን ቡድን ወደ ውስጥ መግባት የቻለው ከ10 ሰዓታት በላይ ካለፈ በኋላ ነበር። በማግሥቱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ቡድኑ በአንድ ስፍራ ተጠልለው የነበሩ 12 ሰዎችን ሲያገኝ በሕይወት የተረፈው አንዱ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ጭንብል ካጠለቁ አዳኞች የተነሣው መልእክት በየጣቢያው እየተቀባበለ ከምድር በላይ ወዳለው ማዘዣ ክፍል ሲደርስ 12ቱም በሕይወት አሉ የሚል ሆኖ ተሰማ። በክፍሉ ውስጥ መልእክቱን መስማት የማይገባቸው ብዙ ሰዎች ነበሩና ወሬው ሳይጣራ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ወደሚጠብቁት ቤተሰቦች በረረ፤ ደወል ተደወለ፣ ሰው እየተቃቀፈ አለቀሰ። እውነቱ የተነገራቸው ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ አደጋን በ15 ደቂቃ ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅን ግዴታ አድርጓል፤ ከመናገር በፊት ማጣራት ግን በሕግ ብቻ አይመጣም።

ስለዚህ ማዘዣ ክፍሉን ጠባብና ጸጥ ያለ አድርጉት። ከውስጥ የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለው አንድ ሰው ይሁን፣ የሰማውን ደግሞ ላኪው እንዲያረጋግጥለት መልሶ ያንብብለት፣ ሌላው ሰዓቱን ጨምሮ ይመዝግብ። ለቤተሰብ የሚናገረው ሰው ከአዛዡ የተለየ ይሁን፤ የሚናገረውም በሁለት መንገድ የተረጋገጠውን ብቻ ይሁን። ቤተሰብ ዝምታን ይታገሣል ባልልም፣ ተሰጥቶ የተነጠቀ ተስፋ ግን ከዝምታ ይከፋል።

ቆጠራው ላይ ልቆይ። በኒውዚላንድ የፓይክ ሪቨር ማዕድን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2010 ሚቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ፈንድቶ 29 ሰዎች ሲሞቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በማዕድኑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የሚነገረው ቁጥር ተለዋውጦ ነበር። በመግቢያው ላይ የሚሰቀለው የስም ሰሌዳ የሚታመነው ሥራ አስኪያጁም ጎብኚውም ሳይቀሩ የስም ምልክታቸውን ሲገቡ ሰቅለው ሲወጡ ካነሡ ብቻ ነው፤ እኔ እንዳየሁት ሰሌዳውን በብዛት የሚዘነጉት አለቆች ናቸው። በዚያው ማዕድን ከአምስት ቀን በኋላ ሁለተኛ ፍንዳታ መድረሱ ደግሞ አዛዡ አዳኞችን የመከልከል ሥልጣን ለምን እንደሚያስፈልገው ያሳያል። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ የሚፈነዳ ነውና፣ የጋዝ ውጤቱ ሳይታወቅ ወንድሜ ውስጥ ነው ብሎ የሚሮጠውን ሰው ማስቆም ከአዛዡ ሥራ ሁሉ የከበደው ነው። በቁጣ መካከል ይህን ማድረግ የሚችለው ሥልጣኑ አስቀድሞ በጽሑፍ የተሰጠው ሰው ነው።

ዕቅዱን ከሌላ ቦታ አትቅዱ። የሌላ ማዕድን ስም እንኳ ሳይፋቅበት የቀረ የዕቅድ ሰነድ በእጄ ገብቶ ያውቃል። ልምምዱን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ በሌለበት፣ በሌሊት ፈረቃ፣ ሳታሳውቁ አድርጉት፤ ተተኪው አዛዥ ማን እንደሆነ ሠራተኛው ወዲያው መመለስ ካልቻለ ዕቅዱ ገና አልተጠናቀቀም። በቺሊ የሳን ሆሴ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ2010 ለ69 ቀናት ከመሬት በታች ተዘግቶባቸው የቆዩት 33 ሠራተኞች በአየር ማናፈሻ ጉድጓዱ ለማምለጥ ሲሞክሩ መሰላሉ እስከ ላይ እንዳልተዘረጋ ያወቁት በዚያው ሰዓት ነበር፤ መውጫውን አስቀድሞ በእግር ሄዶ ማየት የልምምድ አካል ነው።

ይህ ሁሉ ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። በወሎ፣ በደላንታ ገደል ላይ በእጅ በሚቆፈሩት የኦፓል ዋሻዎች ማዘዣ ክፍል ባይኖርም፣ ከዋሻው አፍ ሳይገባ የሚቀር አንድ ሰው፣ የገቡትን ስም የያዘ ደብተርና ናዳ ቢወርድ ማን ግቡ ወይም ቁሙ እንደሚል በማለዳ የተደረገ ስምምነት ሊኖር ይችላል። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ከቆፋሪዎቹ ማኅበራት ጋር በዚህ ጀምሩ፤ የራስ ቁሩንና ገመዱን ከዚያ በኋላ ታመጣላችሁ።