ማጨጃው የት ላይ ይቁም?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ የሚነሡት ከአንድ ክርክር ነው። ግቢ ማለት በአጭሩ የታጨደ፣ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሣር ነው የሚሉ አሉ፤ ረጅም ሣርና አበባ የተቀላቀለበት፣ ንብና ቢራቢሮ የሚመላለስበት ይሁን የሚሉም አሉ። የዓምዳችን ሁለት መላሾችም በዚህ አይስማሙም። አንደኛው ሙያው የሣር ሜዳ ነው፤ ሁለተኛዋ የተፈጥሮ ጓሮ ነው የምታለማው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን 120 ካሬ ሜትር ነው፤ ዳር እስከ ዳር ሣር ነው። ባለቤቴ በአጭሩ እየታጨደ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ «ልጆቹ የት ይሩጡ?» ይለኛል። እኔ ግን ገሚሱን ለቀነው አበባ ቢያበቅል እወዳለሁ። ማንኛችን ነን ልክ?

የሣር ባለሙያው፦ ልጆች ለሚሮጡበት መሬት ከሣር የተሻለ ተክል የለም፤ በዚህ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ምክንያቱ አበቃቀሉ ነው። የሣር ማደጊያ ከአፈሩ ተጠግቶ ከታች ስለሚገኝ ጫፉ ቢቆረጥም ቢረገጥም ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። አብዛኞቹ የአበባ ተክሎች ግን የሚያድጉት ከጫፋቸው ነው፤ በየቀኑ መረገጥን አይችሉትም።

ከባለቤትዎ የምለየው «በአጭሩ» በምትለዋ ቃል ነው። ሣር ሲያጥር ሥሩም ያጥራል፤ ሥሩ ሲያጥር ቶሎ ይጠማል። ከዚያም ፀሐይ በሣሩ መሐል ሾልካ አፈሩን ስለምታገኘው ተኝቶ የነበረው የአረም ዘር ይነቃል። ብዙ ሰው አረሙ ከውጭ የመጣበት ይመስለዋል፤ የቀሰቀሰው ግን የራሱ ማጨጃ ነው። በቀዝቃዛ አየር የሚለሙት እንደ ፌስኪውና ራይግራስ ያሉ ሣሮች ከ6 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር፣ ሙቀት የሚወዱት እንደ ሰርዶ ያሉት ደግሞ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆዩ ይስማማቸዋል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቁረጡ። 6 ላይ ማቆየት የፈለጉትን ሣር 9 ሲደርስ ያጭዱታል ማለት ነው። ስለዚህ የማጨጃውን ቀን የሚወስነው ማስመሪያ ነው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ብቻ አይታጨድም።

አንድ ነገር ደግሞ ጎንበስ ብለው ይዩ። ባጨዱ ማግስት አንድ ቅጠል ነቅለው ጫፉን ወደ ዓይንዎ ያስጠጉት። ምላጩ ስለታም ከሆነ ቁርጡ ቀጥ ያለ ነው። ከደነዘዘ ግን ጫፉ ተበጣጥሶ፣ እንደ ተተረተረ ክር ሆኖ ያገኙታል። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይነጣል፤ ሜዳው ከሩቅ ሲታይ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ያኔ ብዙዎች ውሃ ያነሰው መስሏቸው ጎማ ይዘረጋሉ። መፍትሔው ምላጩን መሳል ነው፤ ከ20 እስከ 25 ሰዓት በሠራ ቁጥር መሳል አለበት።

የጓሮ ባለሙያዋ፦ ባልደረባዬ ያለው ሁሉ ለሚረገጠው መሬት ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የማይረገጠው ነው። በደረቅ ወቅት ሣር ለምለም ሆኖ እንዲቆይ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። ይህ ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ነው፤ በእናንተ ግቢ በየሳምንቱ 3,000 ሊትር ይሆናል። ለልጆቹ 50 ካሬ ሜትር ብታስቀሩላቸው ወደ 1,250 ሊትር ይወርዳል። የተረፈው ውሃ እስከ ዛሬ ሲፈስ የኖረው ማንም ለማይቆምበት ጥግ ነው።

ሣርን እንደ ጨርቅ እኩል ማድረግ የመጣውም ከጨርቅ ነው። ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1830 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበትን የመጀመሪያውን ማጨጃ ሲሠራ ሐሳቡን የወሰደው በሱፍ ፋብሪካ የጨርቁን ጸጉር ከሚያስተካክል ማሽን ነበር። እንዲያ ለስልሶ የሚኖር መሬት አያብብም፣ ዘር አይጥልም፣ ለንብም የሚሆን ምግብ የለውም። አንዱ ጥግ እንዲህ ሆኖ ቢቆይ አልቃወምም፤ ለ120 ካሬ ሜትር ግን ይበዛል።

ከመከራከራችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ማን የት እንደሚረግጥ ተመልከቱ። መሬቱ ራሱ ይነግራችኋል፤ የሚረገጠው ሣር ይተኛል፣ ቀጭን መንገድም ያወጣል። በዚያ ዙሪያ የውሃ ጎማ ዘርግታችሁ ወሰኑን አውጡ። ጎማ ከገመድ የሚሻለው ሹል ማዕዘን ስለማይሠራ ነው፤ ማጨጃ በለስላሳ መታጠፊያ ሳይቋረጥ ይዞራል፣ ሹል ጥግ ላይ ግን ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲል ሣሩን ይፍቀዋል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት አንዱን ጥግ ማጨድ ተውኩ፤ 20 ካሬ ሜትር ይሆናል። አበባ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ሣሩ ብቻ እስከ ጉልበቴ አድጎ በዝናብ ተኛ። ምን አጠፋሁ?

የጓሮ ባለሙያዋ፦ ማጨድ መተው መጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ነው። ለዓመታት ማዳበሪያ የበላ መሬት ለሣር ድግስ ነው። ናይትሮጅን በበዛበት አፈር ላይ ሣሩ ከአበቦቹ ቀድሞ ይረዝምና ብርሃኑን ይነጥቃቸዋል፤ የወፈረው አገዳም ራሱን መሸከም አቅቶት ይተኛል። ብዙ ዓይነት የሜዳ አበባ የሚበዛው ደከም ባለ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው አፈሩን ማስራብ ነው። ለዚያ ጥግ ማዳበሪያም ሆነ ኮምፖስት ከእንግዲህ አይስጡት። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አበቦቹ ዘራቸውን ካደረቁ በኋላ፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ያጭዱት። ያጨዱትን ከሦስት እስከ ሰባት ቀን እዚያው ይተዉትና እያገላበጡ ያራግፉት፤ ዘሩ ይወድቃል፣ በውስጡ ያሉ ነፍሳትም ይወጣሉ። ከዚያ አንድም ሳይቀር ሰብስበው ያውጡት። ይህችን የመጨረሻዋን ሥራ ነው ሰው የሚዘላት። ያልተሰበሰበ ሣር በስብሶ መልሶ ማዳበሪያ ይሆናል፤ የዓመቱ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ዘር መዝራት ከፈለጉ ሣሩን እስከ ታች አጭደው በብረት ሬክ አጥብቀው ይቧጥጡት፤ ቢያንስ ግማሹ አፈር ተገልጦ መታየት አለበት። በሣር ላይ የተበተነ ዘር አፈር ሳይነካ ይደርቃል። የአበባና የሣር ዘር ድብልቅ ከሆነ 4 ግራም ለካሬ ሜትር ይበቃል፤ ለእርስዎ ጥግ 80 ግራም ነው። ይህ አንድ እፍኝ ስለሆነ እንዲሁ ቢበትኑት ግማሹ አንድ ቦታ ይወድቃል። ከደረቅ አሸዋ ጋር ይቀላቅሉትና ለሁለት ይክፈሉት፤ አንዱን ክፍል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ከላይ ወደ ታች ይበትኑ። አሸዋው የት እንደ ደረሰ፣ የት እንደ ቀረ በዓይን ያሳያል። አፈር አያልብሱት፤ ከእነዚህ ዘሮች ብዙዎቹ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ። በእግር ረግጠው ከአፈሩ ጋር ያገናኙት፤ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ያስከፋል። ዓመት ከዓመት የሚኖሩት አበቦች ያን ዓመት ሥር ነው የሚሰዱት፤ ከላይ የሚታየው አረም ነው። አረሙ 20 ሴንቲ ሜትር በደረሰ ቁጥር 10 ላይ ይቁረጡት። ትንንሾቹ ቡቃያዎች ከምላጩ በታች ናቸው፣ አይነኩም። ብዙ ሰው የሚተወው በዚህ ዓመት ነውና እባክዎ አይተዉት።

የሣር ባለሙያው፦ ይህ ምክር አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ጥግዎ ላይ ያለው ሰርዶ ወይም ኪኩዩ ከሆነ ማስራብም መቧጠጥም አይበቃውም፤ ከመሬት በታች በሚሄድ ግንዱ ተመልሶ አበባውን ይውጠዋል። ካርቶን አንጥፎ ጉዝጓዝ መጫን ለሌላው ሣር ይሠራል። ካርቶኑን በ15 ሴንቲ ሜትር እያደራረቡ፣ በውሃ አርሰው፣ 10 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ ይጭኑበታል። ሰርዶ ግን በካርቶኑ ሥር ተጉዞ በመጋጠሚያው ብቅ ይላል። እሱን በፎርካ እያነሡ ግንዱን ከነአንጓው መልቀም ያስፈልጋል። በዶማ ወይም በአካፋ አይቆራርጡት፤ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ አዲስ ተክል ነው። ከዚያ በወሰኑ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጠባብ ቦይ ይቆፈርና ባዶውን ይቀመጣል፤ ቦዩን ተሻግሮ ሲመጣ ስለሚታይ በየሁለት ሳምንቱ ይቆረጣል።

ለታጨደው ሜዳ ደግሞ ከባልደረባዬ ምክር ተቃራኒው ነው የሚሠራው። እዚያ የተቆረጠውን ሣር አይሰብስቡ። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ስለሆነ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ሣሩ በዓመት ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን እስከ ሩቡን ይመልሳል። የሲሶው ሕግ ተጥሶ ሣሩ ተከምሮ ከተኛ ብቻ ይነሣ፤ ክምሩ ከሥሩ ያለውን ያፍነዋል። የጎደለውን በዩሪያ ለመሙላት 11 ግራም ለካሬ ሜትር ይበቃል፤ ይህ 5 ግራም ናይትሮጅን ነው። በደረቅ ቅጠል ላይ ተበትኖ ወዲያው በውሃ ይታጠብ፤ አለዚያ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉም ሣሩን ሊያቃጥል ይችላል።

የጓሮ ባለሙያዋ፦ በዩሪያው አልስማማም። ነጭ ማገጥን ለካሬ ሜትር 2 ግራም አድርገው በሣሩ ውስጥ ቢዘሩት፣ በሥሩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ከአየር ያመጡታል።

የሣር ባለሙያው፦ ሲያብብ ግን ንብ ይመጣል፤ ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ ልጆችም አሉ። ማገጥ ለመተላለፊያና ለዛፍ ሥር ጥሩ ነው፤ ለመጫወቻ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ረጅም ሣሬ መዥገር ያመጣል፣ ዘሩም ወደ እሱ ግቢ ይበናል እያለ ቅር ተሰኝቷል። መጣላት አልፈልግም።

የጓሮ ባለሙያዋ፦ ሁለቱም ስጋቶች እውነትነት አላቸው፤ «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። መዥገር አይዘልም፣ አይበርም፤ ሣር ላይ ወጥቶ የሚነካውን ይጠብቃል። ስለዚህ የሚያስፈልገው እንዳይነካ ማድረግ ነው። በረጅሙ ሣር መካከል የሚያልፈው መንገድ 1.2 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ የተኛ ሣር እንኳ እግር አይደርስም። በአጥሩ በኩል 90 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የጠጠር ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ ንጣፍ ያድርጉ፤ ደረቅና ፀሐይ የሚመታው ስለሆነ መዥገር አይወደውም። ዘራቸው እንደ ጥጥ የሚበነውን፣ በተለይ እሾሃማዎቹን፣ አበባቸው ሳይፈነዳ ቆርጠው በከረጢት ያውጡ። ከተቆረጡ በኋላ መሬት ላይ ቢጣሉ ዘራቸውን ሊያበስሉ ይችላሉ።

የሣር ባለሙያው፦ በዚህ ላይ እኔም ከባልደረባዬ ጋር ነኝ፣ የምጨምረው ጠርዙን ነው። ጆአን ናሳወር የተባሉት አሜሪካዊት የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው የተፈጥሮ ጓሮን የሚቀበለው የሚንከባከበው እጅ እንዳለ ሲያይ መሆኑን አስረድተዋል። በረጅሙ ሣር ዙሪያ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ማጨጃው አንድ ጊዜ የሚሄድበት ያህል፣ በየሳምንቱ አጭደው ቀጥ አድርገው ይያዙት። ያው ሣር፣ ያው ቁመት ነው፤ ዳሩ ሲስተካከል ግን የተተወ መሆኑ ይቀርና የታሰበበት ይሆናል። በአንዳንድ ከተሞች የሣር ቁመት በከተማው ደንብ የተወሰነ ስለሆነ ደንቡን አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሣሩ ሳሳ ባለበት ፀሐያማ ቦታ ላይ ትንንሽ የአፈር ቁልሎች ወጡ፤ መሐላቸው እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ጉንዳን ነው? መድኃኒት ልርጭ?

የጓሮ ባለሙያዋ፦ አይርጩ። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ከቀዳዳው አጠገብ ለሩብ ሰዓት ይቀመጡ። መጀመሪያ ትንሽ ፊት ብቅ ይላል፤ ካልተነቃነቁ ትወጣለች፣ ቆይታም በእግሯ ቢጫ ዱቄት ተሸክማ ትመለሳለች። ያቺ ብቻዋን የምትኖር ንብ ናት። በዓለም ካሉት ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጎጇቸውን የሚሠሩት አፈር ውስጥ ነው። ቀፎ ስለሌላቸው ቀፎ አይጠብቁም፤ በእጅ ካልተጨመቁ በቀር እምብዛም አይነድፉም። ወጥተው የሚታዩት ለጥቂት ሳምንታት ነው። ልጆቻቸው እስከሚቀጥለው ዓመት ከታች ስለሚቆዩ ቦታው አይቆፈር፣ ጉዝጓዝም አይጫንበት።

የሣር ባለሙያው፦ ሣሩን ያሳሱት ንቦቹ አይደሉም፤ ሳስቶ ስላገኙት ነው የመጡት። አፈሩ በመረገጥ ጠንክሮ ይሆናል ወይም ጥላ አለበት። ሣር እንዲመለስ ከፈለጉ ሌላውን ቦታ በፎርካ እስከ 8 ሴንቲ ሜትር እየወጉ አየር ያስገቡለትና ዘር ይጨምሩበት። ያቺን አንድ ካሬ ሜትር ግን ለእነሱ ይተዉላቸው፤ ማጨጃውንም ከፍ አድርገው፣ ወደ ማታ ሲገቡ ይለፉበት።